ስለሚወዳት ነው አሉ

ትናንት ማታ «ዘ ኪሲንግ ቡዝ» የሚባለውን የአፍላ ፍቅር ፊልም አየሁ። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣ ነው፤ እኔ ሁሌም ሰው ረስቶት ነው የምደርስበት። ታሪኩን ቤት ሪክልስ ዋትፓድ በሚባለው የጽሑፍ ድረ ገጽ ላይ መጻፍ የጀመረችው በ15 ዓመቷ ስለሆነ በእሷ አልፈርድም። የከነከነኝ ፊልም ያደረጉት ትልልቅ ሰዎች ናቸው። ኖዋ የሚባለው ልጅ የሚወዳትን ኤልን እንዳይጠጓት ወንዱን ሁሉ ያስፈራራል፣ ለቡጢ ይቸኩላል፤ እኛ ደግሞ «ስለሚወዳት ነው» ብለን እንድንቀልጥ ይጠበቃል። እህቴን እንዲህ የሚወዳት ቢመጣ እንቅልፍ አይወስደኝም!

የ1999ኙ «ቴን ቲንግስ አይ ሄት አባውት ዩ»ም እኮ የአፍላ ፍቅር ፊልም ነው። ግን ዋናዋ ገጸ ባሕርይ ካት አፍ አላት፤ ትመልሳለች፣ ትሳደባለች፣ ሲዋሿት ትቆጣለች። ሼክስፒርን መሠረት ማድረጉም ሳይረዳው አልቀረም።

«ኪሲንግ ቡዝ» ክፍል ሁለትና ሦስትም አለው። ለወዳጆቹ ይሁን።