ቀኝ ነፃ ነው?

«ቀኝ ነፃ ነው።» አዲስ አበባ ውስጥ ታክሲ የተሳፈረ ሰው ይህችን አባባል ሳይሰማት አይቀርም። መብራቱ ቀይ ነው፤ ቀጥታ የሚሄደው ሁሉ ቆሟል። የኛ ሚኒባስ ግን ቀኝ ቀኙን ይዞ ይታጠፋል። ጋቢና የተቀመጠ ሰው «ኧረ መብራት ነው!» ካለ መልሱ ያቺው ናት፤ ቀኝ ነፃ ነው። ከየትኛው አንቀጽ እንደተገኘች ደጋግመን ጠይቀን የነገረን የለም።

እኛ ከጋይንት፣ ከስማዳና ከእስቴ የመጣን ልጆች ከቀኝ ጋር የቆየ ዝምድና አለን (አትሳቁ!)። ከወረታ ተነስቶ፣ ደብረ ታቦርን አልፎ ወደ ወልዲያ የሚሄደውን መንገድ የምታውቁ ታውቁታላችሁ፤ ቻይናዎች በደርግ ጊዜ የሠሩት፣ 300 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሆነው። ፊቱን ወደ ምሥራቅ አድርጎ ለሚጓዝ ሰው እስቴም፣ ታች ጋይንትም፣ ስማዳም በቀኝ እጁ በኩል ናቸው። እንግዲህ ለኛ ቤት መግባት ማለት ወደ ቀኝ መታጠፍ ነው። ማንንም አናስፈቅድም ነበር። ልጆች ሳለን የትራፊክ መብራትን የምናውቀው በሥዕል ነው፤ ቀይ ቁም፣ ቢጫ ተዘጋጅ፣ አረንጓዴ ሂድ። በገበያ ቀን ነፋስ መውጫ ላይ አይሱዙውን የሚያስቆመው የበግ መንጋ ነበር። በግ ደግሞ ቀኝና ግራ ብሎ አያዳላም፤ መንገዱን ከሞላው ሁሉም ይቆማል።

አምና አክስታችን ለሕክምና ከስማዳ መጡ። ከሆስፒታሉ በር ፊት ለፊት ባለመብራት መስቀለኛ መንገድ አለ። እንዴት እንደሚሻገሩ አስተማርናቸው፤ ቀዩ ሰውዬ ሲበራ ይቆማሉ፣ አረንጓዴው ሰውዬ ሲበራ ይሄዳሉ። በአንድ ቀን ለመዱት። እንዲያውም አረንጓዴው ሳይበራ የሚሻገሩትን ከተሜዎች እያዩ «ኧረ ምን ዓይነት ሰዎች ናቸው!» ይሉ ጀመር። በሦስተኛው ቀን የራጁን ፖስታ በብብታቸው ይዘው፣ አረንጓዴው ሰውዬ ሲበራ ጠብቀው ዜብራው ላይ ወጡ። ቀዩ የበራበት አንድ ሚኒባስ በዚያችው ቅጽበት ወደ ቀኝ ሊታጠፍ መጣ። ሹፌሩ አንገቱን ወደ ግራ አዙሮ መኪና እየመጣ እንደሆነ ያያል፤ አክስታችን የሚመጡት ከቀኝ ነው። ፍሬኑ ሲያፏጭ ክንድ ያህል ነበር የቀረው። ራጁ አስፋልቱ ላይ ወደቀ። ወያላው በመስኮት ብቅ ብሎ «እማማ፣ አያዩም እንዴ!» አላቸው።

ጥግ ይዘን አስቀመጥናቸው። እጃቸው ይንቀጠቀጣል። ውሃ ከጠጡ በኋላ እንዲህ አሉን፤ «ቁሚ ሲለኝ ቆምሁ፣ ሂጂ ሲለኝ ሄድሁ። ታዲያ ያ ቀዩ የሚበራው ለማን ነው?»

መልሱ ቀላል ይመስላል፤ ለመኪናው ነው። መኪናው ላይ ቀይ የሚበራው ሌላ መኪና እንዲያልፍ ብቻ አይደለም፤ ከፊቱ ባለው ዜብራ ላይ ሰው እንዲሻገርም ነው። «ቀኝ ነፃ ነው» የሚለው ሹፌር የሚያስበው ከማን መኪና ጋር እንደማይጋጭ ነው። ከመኪና ጋር ላይጋጭ ይችላል። በዚህች ከተማ በትራፊክ አደጋ ከሚሞቱት አብዛኞቹ ግን መኪና ውስጥ ያሉት ሳይሆኑ እግረኞች ናቸው። (በነገራችን ላይ አገራችን እስከ 1956 ዓ.ም. የሚነዳው በግራ በኩል ነበር። ያኔ ቢሆን «ግራ ነፃ ነው» ይባል ነበር ማለት ነው?)

«አሜሪካ'ኮ ይፈቀዳል» የሚሉም አሉ። እውነት ነው። እ.ኤ.አ. በ1973 ነዳጅ ሲወደድ፣ መኪና ቆሞ በከንቱ እንዳያቃጥል ተብሎ በቀይ መብራት ወደ ቀኝ መታጠፍ በየስቴቱ ተስፋፋ። የ1975ቱ የኢነርጂ ሕግ ገፋው፤ የመጨረሻዋ ማሳቹሴትስም በ1980 ፈቀደች። ዋሽንግተን ዲሲ ታክሲ የሚነዳ የእስቴ ልጅ ዘመድ አለንና ደውለን ጠየቅነው። «መጀመሪያ ጎማው ጭጭ ብሎ ይቆማል። ከዚያ እግረኛ ይታያል። ከዚያ ነው መታጠፍ» አለን። ኒውዮርክ ከተማ ውስጥ የሚፈቅድ ምልክት ከሌለ በቀይ መታጠፍ ክልክል ነው። የዲሲ ምክር ቤትም በ2022 የሚከለክል ሕግ አጽድቋል፤ ምክንያቱ እግረኛው ነው። እኛ ዘንድ የደረሰችው «መታጠፍ» የምትለዋ ብቻ ናት፤ «መቆም» መንገድ ላይ የቀረች ይመስላል።

እዚህም ቢሆን በቀይ መብራት ወደ ቀኝ የሚኬድባቸው ቦታዎች አሉ። አረንጓዴ ቀስት ከበራ ቀስቱ ወዳሳየው አቅጣጫ ይኬዳል። ትራፊክ ፖሊስ በእጁ ካሳለፈ የሱ እጅ ከመብራቱ ይበልጣል። አንዳንድ መስቀለኛ መንገድ ላይ ደግሞ ለቀኝ ታጣፊ ከመብራቱ በፊት የተለየ መስመር አለው፤ አባባሏ የተወለደችው እዚያ ሳይሆን አይቀርም ብለን እንጠረጥራለን። ግን እዚያም ዜብራ አለ፤ ዜብራ ላይ ሰው ካለ ይቆማል። አደባባዩ እየፈረሰ መብራት በተተከለበት ቦታ ሁሉ፣ የአደባባዩ ልማድ ሳይፈርስ ቀርቷል። አደባባይ ላይ ክፍተት ፈልጎ መግባት ነው፤ መብራት ላይ ግን ተራ አለ።

ጋዜጠኝነት የተማርነው «የሌላውን ወገን ሐሳብ አካቱ» እየተባልን ነውና ባለፈው ሳምንት አንድ ባለሚኒባስ አነጋገርን። ጎልማሳ ነው፣ ረጋ ያለ። «እኔ መቆም አላቃተኝም» አለ። «ቀኝ መስመር ይዤ ቀይ ላይ ስቆም ግን ከኋላዬ ያለው ሁሉ ጥሩንባውን ይለቅብኛል። ተሳፋሪውም ‹ምን ትጠብቃለህ፣ ቀኝ አይደለህ!› ይለኛል። አንድ ቀን ቆሜ አንዲት ልጅ ወርዳ በእግሯ ሄደች።»

በየት በኩል ተሻግራ እንደሄደች ጠየቅነው። በዜብራው፣ አለን፤ ከፊቱ።