አራተኛው ዓረፍተ ነገር

ከሌሊቱ 8 ሰዓት ነው። አዲስ አበባ ውስጥ፣ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል የውስጥ ደዌ ዋርድ፣ ተረኛዋ ነርስ የአንድን ሕመምተኛ ትንፋሽ አንድ ሙሉ ደቂቃ ቆጠረች። 28። የደም ግፊቱ አልወረደም፤ ትኩሳቱም የሚያስደነግጥ አይደለም። አስታማሚ ወንድሙ "ዛሬስ ደህና ነው፣ እንቅልፍ ወስዶታል" ብሏታል። ከሦስት ዓመት በፊት ቢሆን "28" ብላ ቻርቱ ላይ ጽፋ ወደሚቀጥለው አልጋ ታልፍ ነበር።

አሁን ግን አላለፈችም። በድንገተኛና ጽኑ ሕሙማን ነርሲንግ የማስተርስ ዲግሪዋን ስትማር አንድ ነገር ጭንቅላቷ ውስጥ ተተክሏል፦ ሰው ሊወድቅ ሲል ብዙ ጊዜ አስቀድሞ የሚናገረው ትንፋሹ ነው፤ የደም ግፊቱ የሚወርደው ዘግይቶ ነው። በእንግሊዝ ሆስፒታሎች የሚሠራበት የማስጠንቀቂያ ሰንጠረዥ በደቂቃ 25 እና ከዚያ በላይ ለሆነ ትንፋሽ ከፍተኛውን ነጥብ፣ 3ን፣ ይሰጣል። ይህ ነጥብ ብቻውን ሕመምተኛው በአስቸኳይ እንዲታይ ያዛል።

ስልክ አንስታ ተረኛውን ሬዚደንት ጠራች። እንደተማረችው በአራት ዓረፍተ ነገር ልትነግረው አሰበች፦ አሁን ምን እየሆነ ነው፤ የሕመምተኛው ታሪክ ምንድን ነው፤ እኔ ምን ይመስለኛል፤ ምን ቢደረግ ይሻላል። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ሬዚደንቱ አቋረጣት።

"ሲስተር፣ ቪታል ሳይኑን ብቻ ንገሪኝ። ሌላውን እኔ አየዋለሁ።"

ነገረችው። ከአርባ ደቂቃ በኋላ መጣ፤ አየው፤ ኦክስጅን አዘዘ፤ መድኃኒት ቀየረ። ሲነጋ ሕመምተኛው ወደ ጽኑ ሕሙማን ክፍል ተዛወረ፤ ከቀናት በኋላም በሕይወት ወጣ። ሬዚደንቱ ክፉ ሰው አይደለም። ከትናንት ጠዋት ጀምሮ ዓይኑን ያልከደነ ወጣት ነው። አራተኛው ዓረፍተ ነገር ግን ሳይነገር ቀረ።

ነርሶች ማስተርስ የሚማሩት ለዚያ ዓረፍተ ነገር ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም። የሁለቱ ዓመት ኮርስ ሁሉ ወደዚያው ይወስዳል። ፓቶፊዚዮሎጂው በሽታው ሰውነት ውስጥ ምን እንደሚሠራ፣ ፋርማኮሎጂው መድኃኒቱ ምን እንደሚያደርግ ያስተምራል። ኤፒዲሚዮሎጂና ባዮስታቲስቲክስ ደግሞ "እንዲህ ሲደረግ ነው ያየሁት" በሚል ሰውና "ማስረጃው እንዲህ ይላል" በሚል ሰው መካከል ያለውን ልዩነት ያስተምራሉ። ለዓመታት መርፌ ስትወጋና ቁስል ስታጥብ የኖረች ሴት፣ ልጆቿን አስተኝታ ማታ ማታ ከሎጂስቲክ ሪግሬሽን ጋር የምትታገለው ለጌጥ አይደለም። "ይህ ቢደረግ ይሻላል" ብላ ምክንያቱን እንድታስረዳ ነው።

የመመረቂያ ጽሑፏም ከሥራዋ የወጣ ነበር። የአገሪቱን የጤና ትምህርት የሚያውቅ ሰው የብዙዎቹን የማስተርስ ጥናቶች ርዕስ በቃሉ ያውቀዋል፦ የእንዲህ ያሉ ሰዎች እውቀት፣ አመለካከትና ተግባር፣ እንዲሁም ተያያዥ ምክንያቶች። እርሷ ከዚያ ትንሽ ወጣ ብላ የጠየቀችው ነርሶች ሁሉ የሚያውቁትንና ማንም የማይናገረውን ነው፦ በየቻርቱ ላይ የትንፋሽ ቁጥር ለምን ሁልጊዜ 20 ይሆናል? 20፣ 20፣ 20። አርባ ሰው ተኝቶ አርባውም እኩል ይተነፍሳል? መልሱን ነርሶቹም አይክዱትም። ሰዓት የለም፤ ሕመምተኛው ብዙ ነው፤ ደግሞም ቁጥሩን ማን ያነበዋል? ጽሑፏን ተከላከለች፤ ጥሩ ውጤት አገኘች፤ ተጨበጨበላት። ጥራዙ ዩኒቨርሲቲው መደርደሪያ ላይ ተቀመጠ። እንድትማር ልኮ ሁለት ዓመት ደመወዝ የከፈላት የራሷ ሆስፒታል ግን "ምን አገኘሽ?" ብሎ አልጠየቃትም። ስትመለስ የሥራ ደረጃዋ ተስተካከለ፤ የተመደበችው ግን በዚያው ዋርድ፣ ለዚያው ሥራ ነው።

ታናሽ እህቷ የምትኖረው ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። በዲቪ ሄዳ መጀመሪያ አረጋውያንን እየተንከባከበች፣ ቀጥሎ በኮሚዩኒቲ ኮሌጅ ተምራ ነርስ ሆነች። አሁን በሳምንት ሦስት ሌሊት አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት እየሠራች፣ ነርስ ፕራክቲሽነር ለመሆን ማስተርስ ትማራለች። አዲስ አበባ ከምሽቱ 4 ሰዓት ሲሆን እዚያ ከሰዓት በኋላ ነው፤ እርሷ ከሌሊት ሥራ ገብታ፣ ተኝታ የምትነሳበት። ሁለቱ የሚደዋወሉት ያን ጊዜ ነው።

ኮርሶቻቸውን ሲያወዳድሩ ይገርማቸዋል። እዚያም ፓቶፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂና የአካል ምርመራ የትምህርቱ ሦስት ምሰሶዎች ናቸው። መጽሐፎቹም አንዳንዴ አንድ ናቸው። የሚለየው በታናሿ ላይ የሚመጣው ነገር ነው፦ እ.ኤ.አ. በ2022 የወጣው የነርስ ፕራክቲሽነሮች የትምህርት መስፈርት ቢያንስ 750 ሰዓት ሕመምተኛ ፊት ቀርቦ መሥራትን ይጠይቃል። የሚያሠራትን ባለሙያ ፈልጋ የምታገኘው ራሷ ናት። ለወራት ለየክሊኒኩ ስትጽፍ ከርማ፣ በመጨረሻ እሺ ያለቻት አንዲት ሐበሻ ነርስ ፕራክቲሽነር ናት። በዚያች ክሊኒክ ታናሿ ሕመምተኛውን መርምራ ስትወጣ የምትጠየቀው አንድ ጥያቄ ነው፦ "እሺ፣ ምን እናድርግ?"

የሆስፒታሉን ሌሊት ሰምታ "እትዬ፣ እዚህ እኮ አራተኛውን ካልተናገርሽ ነው የምትወድቂው" አለቻት።

"እኛ ጋ ስትናገሪው ነው" አለች ታላቋ። ሁለቱም ሳቁ።

ይህ ልዩነት ከሰማይ የወረደ አይደለም። አሜሪካ ውስጥ የነርስ ፕራክቲሽነር ሥልጠና የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1965 በኮሎራዶ ዩኒቨርሲቲ ነው። የጀመሩትም ሎሬታ ፎርድ የምትባል ነርስና ሄንሪ ሲልቨር የሚባል የሕፃናት ሐኪም ናቸው። ምክንያቱ ግልጽ ነበር፦ ሐኪም የማያገኙ ልጆች ነበሩ። ከዚያ በኋላ ግዛቶቹ አንድ በአንድ ሕጋቸውን እያሻሻሉ ሄዱ። ሜሪላንድ እ.ኤ.አ. በ2015 ባወጣው ሕግ ነርስ ፕራክቲሽነሮች ከሐኪም ጋር ውል ማሰር ሳያስፈልጋቸው መርምረው መድኃኒት እንዲያዝዙ ፈቀደ፤ አዲስ ተመራቂዋ ግን ለ18 ወራት አማካሪ እንዲኖራት አዘዘ። ትምህርቱ ሥልጣን ይዞ መጣ ማለት ነው፤ ሥልጣኑም ተጠያቂነት ይዞ።

ይሁንና አሜሪካም ገነት አይደለችም። እ.ኤ.አ. ሐምሌ 2025 የጸደቀው ሕግ ከሐምሌ 1 ቀን 2026 ጀምሮ ለአዲስ የድኅረ ምረቃ ተበዳሪዎች የፌዴራሉን ብድር በጣሪያ ገድቦታል፦ በዓመት 20,500 ዶላር፣ በጠቅላላው 100,000። "ፕሮፌሽናል" ለተባሉ ዲግሪዎች ግን ጣሪያው በዓመት 50,000፣ በጠቅላላው 200,000 ነው። በኅዳር 2025 ይፋ የሆነው የትምህርት መሥሪያ ቤቱ ረቂቅ ትርጓሜ ሕክምናን፣ ሕግን፣ ፋርማሲን፣ ቲዎሎጂን ሳይቀር ከፕሮፌሽናሎቹ ጎራ ሲያስገባ ነርሲንግን ተወው። የአሜሪካ ነርሶች ማኅበር ተቃወመ። መሥሪያ ቤቱ ደግሞ "ቃሉ ብድር ለመመደብ እንጂ ሙያ ለመመዘን አይደለም" ሲል መለሰ። ሊሆን ይችላል። ሌሊቱን ሙሉ ቆማ ያደረች ነርስ ያንን ቃል ስታነብ የሚሰማት ግን የብድር ሂሳብ ብቻ አይደለም።

አዲስ አበባ ላይ በሥራ ድልድል፣ ዋሽንግተን ላይ በብድር ሰንጠረዥ የተባለው ነገር ዝምድና አለው። ነርሷን እንደ ባለሙያ አስተምር፤ ሲቆጠር ግን እንደ እጅ ቁጠራት።

"ታዲያ ነርስ ሐኪም ትሁን ነው?" የሚል ይኖራል። አይደለም። ታላቋ እህት ሐኪም መሆን ብትፈልግ ኖሮ መንገዱን ታውቀዋለች። የምትፈልገው ያየችውን ተናግራ መደመጥ ነው። በሕመምተኛው አልጋ ዙሪያ ሃያ አራት ሰዓት ያለው ነርስ ነው፤ ሐኪሙ በራውንድ መጥቶ ይሄዳል። ያ ዓይን ሠልጥኖ አፉ ከተዘጋ፣ ለትምህርቱ የወጣው ገንዘብ ባክኗል።

ኢትዮጵያ ሥልጠናን ከሥልጣን ጋር መስጠት አታውቅም ማለትም አይቻልም። በ1954 እ.ኤ.አ. ጎንደር ላይ የጤና መኮንኖችን ማሠልጠን የጀመረች አገር ናት። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የጤና መኮንኖችን በማስተርስ ደረጃ ለድንገተኛ ቀዶ ሕክምና ማሠልጠን ጀመረች። ዛሬ ስፔሻሊስት በሌለበት ወረዳ ምጥ የጠናባትን እናት በቀዶ ሕክምና የሚያዋልዱት እነዚያ ናቸው። ያኔ የተደረገው ቀላል ነገር ነው፦ መጀመሪያ ክፍተቱ ታየ፤ ከዚያ ትምህርቱ ተቀረጸ፤ ሲመረቁ የሚሠሩት ሥራ አብሮ ተጻፈላቸው። በነርሶቹ ማስተርስ ላይ የጎደለው ይህ የመጨረሻው ነው።

ሲጎድል የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። የተማረችው ነርስ ከአልጋው ትርቃለች። ወይ ዩኒቨርሲቲ ገብታ ታስተምራለች፣ ወይ ቢሮ ትገባለች፣ ወይ መያድ ትቀጠራለች፣ ወይ አገር ለቃ ትሄዳለች። ማስተማሩ ክብር ነው፤ መምህር ያስፈልጋል። ግን ምርጦቹ ሁሉ ከአልጋው ከራቁ፣ የሚያስተምሯቸው ልጆች ዋርድ ሲገቡ ከማን ያያሉ? በግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝ ጥያቄያቸውን አደባባይ ሲያወጡ ብዙ ሰው የሰማው የብሩን ነገር ነው። የብሩም ነገር እውነት ነው፤ በዚያ ደመወዝ ቤት ተከራይቶ ልጅ ማሳደግ ምን እንደሆነ ታላቋ ታውቃለች። ግን ደመወዝ ቢጨመርም "ቪታል ሳይኑን ብቻ ንገሪኝ" የሚለው ቃል እዚያው ይቀራል።

መድኃኒቱ ሚሊዮን ብር አይፈልግም። ማስተርስ ያላት ነርስ የትንፋሹ ቁጥር ከዚህ በላይ ሲሆን ማንን በስንት ደቂቃ ውስጥ እንደምትጠራ፣ ሐኪሙ እስኪመጣ ምን መጀመር እንደምትችል በአንድ ገጽ ይጻፍ። በጠዋቱ ራውንድ ላይ ነርሷ የምትናገርበት ተራ ይሰጣት። ሆስፒታል ያስተማራትን ነርስ ጥናት ያንብብ። እነዚህን ለመጀመር የሆስፒታል ኃላፊ ፊርማ ይበቃል።

ከዚያች ሌሊት ሁለት ሳምንት በኋላ ያው ሬዚደንት በራውንድ መሐል ዞር ብሎ "ሲስተር፣ የዚያን ቀኑን አስቀድመሽ ያወቅሽው በምንድን ነው?" አላት። በትንፋሹ እንደሆነ ነገረችው። ከ20ዎቹ መሐል እውነተኛውን 20 እንዴት እንደምትለይም ነገረችው። ቆሞ ሰማት። አብረውት የነበሩት የሕክምና ተማሪዎችም ማስታወሻ ያዙ።

በዚያው ሳምንት ከአንድ ዩኒቨርሲቲ የመምህርነት ደብዳቤ ደርሷታል። ደመወዙ ይሻላል፤ የሌሊት ተራ የለውም። ታናሿ "እትዬ፣ ምን ትጠብቂያለሽ? ግቢ እንጂ!" ትላታለች። ደብዳቤው ቦርሳዋ ውስጥ ነው። መልስ የምትሰጥበት ቀን እስከ ወሩ መጨረሻ ነው። ዛሬም ግን የሌሊት ተረኛ ናት።