ሚዩት ያደረግሁት እድር

ዛሬ ስለ ዶላርም ስለ ምርጫም አልጽፍም። የምጽፈው ስለ አንድ ቀብር ነው፤ ሳልደርስበት ስለቀረሁት ቀብር። ትንሽ ረዘም ይላል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

መጀመሪያ ራሴን ላስተዋውቅ። እኔን ባታውቁኝም ዓይነቴን ታውቁታላችሁ። በሁሉም ነገር ላይ አስተያየት አለኝ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀውና ዶላር በአንድ ቀን ከ57 ብር ወደ 74 ሲዘል፣ ኢኮኖሚክስ ሳልማር ሦስት ገጽ ጻፍኩ። ከዚያ ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ታምራት ቶላ ፓሪስ ላይ ማራቶኑን አሸንፎ የኦሊምፒኩን ብቸኛ ወርቃችንን ሲያመጣ ደግሞ፣ ከታክሲ ኋላ በቀር ሮጬ የማላውቀው ሰውዬ ሌሎቹ አትሌቶች የት ላይ እንደተሳሳቱ አብራራሁ። የቅዳሜና እሁድ የቲቪ ፕሮግራም፣ የቲክቶክ ጠብ፣ የአዲስ አልበም ሽፋን ሳይቀር አያመልጠኝም። ሥራ ቦታ ‹‹ዜና አለ?›› ሲባል የሚታየው ወደ እኔ ነው።

ተወልጄ ያደግሁት ካዛንቺስ ነው። ስሙ ራሱ ከጣሊያን የቀረ መሆኑን አብዛኞቻችሁ ታውቃላችሁ፤ በአምስቱ ዓመት ወረራ ለመንግሥት ሠራተኞች ቤት ይሠራ ከነበረው ‹‹ኢንቺስ›› ከሚባል ተቋም ስም፣ ‹‹ካዜ ኢንቺስ›› ከሚለው የመጣ ነው። ሠፈራችን ሁለት ፊት ነበረው። በአንድ በኩል በ1953 የተመረቀው የአፍሪካ አዳራሽና ባለ ባንዲራ መኪኖች፣ ከጀርባው ደግሞ የእኛ ቆርቆሮ፣ የአዝማሪ ቤቱ ማሲንቆ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግጥም እየደጋገመ ወደ ቤቱ የሚሄድ ሰካራም። ልጅ ሆኜ በአዝማሪ ድምፅ ነው እንቅልፍ የሚወስደኝ። እንዳትሳሳቱ፣ ገነት ነበር እያልኩ አይደለም። አንድ ሽንት ቤት ለዘጠኝ አባወራ ነበር። ክረምት ሲገባ እናቴ ባልዲና ሳፋ በየትኛው የጣራ ቀዳዳ ሥር እንደሚቀመጥ በቃሏ ታውቅ ነበር። ስለ ድሮው ሠፈር እንባ የሚያራጩ ጽሑፎች ሳነብ ይቺን ሽንት ቤት ስለሚረሷት ይገርመኛል። እኔም ስጽፍ ረስቻት አውቃለሁ፤ ወደዚያ እመጣለሁ።

በ2017 መጀመሪያ የኮሪደር ልማቱ ካዛንቺስ ሲደርስ ሠፈሩ ተነሣ። እናቴ ገላን ጉራ ኮንዶሚኒየም ደረሳት። ቧንቧ አለ፣ የራሷ ሽንት ቤት አለ፤ የመጀመሪያ ቀን በሩን ሦስት ጊዜ ከፍታ ዘግታ እንዳየችው አስታውሳለሁ። ጎረቤታችን እታለም (እኛ ልጆቹ ሁላችንም እንደዚያ ነበር የምንጠራት) ቦሌ አራብሳ ልጇ ዘንድ ገባች። ከአርባ ዓመት በላይ በአንድ ግድግዳ የተለያዩ ሁለት ሴቶች ናቸው። ግድግዳው ጭቃ ስለነበር ሲነጋ በእሱ ላይ ነበር ‹‹እንዴት አደርሽ›› የሚባባሉት። እናቴ ሥራ ስትውል እኔን ያበላችኝ፣ ትምህርት ቤት ስደባደብ ‹‹ወላጅ አምጣ›› ስባል የሄደችልኝ እታለም ናት። አዎ፣ ለእናቴ ሳይነገር።

አሁን ወደ እድሩ ልምጣ።

የሠፈራችን እድር ጡሩምባ ነፊ ነበረው። ገና ጎሕ ሳይቀድ በየቅያሱ ይዞራል፣ ይነፋል፣ ከዚያ ድምፁን ከፍ አድርጎ የሟቹን ስም፣ የቀብሩን ሰዓትና ቤተ ክርስቲያኑን ይናገራል። እናቴ ጡሩምባውን ስትሰማ አልጋዋ ላይ ቁጭ ትላለች፤ ‹‹ማን ይሆን ዛሬ?›› ትላለች። በዚያ ሠፈር ‹‹ሰበር ዜና›› ማለት እሱ ነበር፤ ደግሞም ሳይሰማ የሚያልፈው ሰው አልነበረም። መስማት የማይፈልግም ይሰማል።

ሠፈሩ ሲነሣ ሰው ተበተነ። ገላን ጉራ ያለው አለ፣ አራብሳ ያለው አለ፣ የግል ቤት የተከራየው አለ። የትኛው ጡሩምባ እዚያ ሁሉ ይደርሳል? ድንኳኑና ብረት ድስቱ አንድ አባል ግቢ ተጠራቅሞ ተቀመጠ። የእድሩ ጸሐፊ ወጣት ልጅ ነው፣ የቴሌግራም ግሩፕ ከፈተ። ጎበዝ ብያለሁ። እናቴ የምትይዘው ትንሿን ባለ ቁልፍ ስልክ ስለሆነ ‹‹እኔ እገባልሻለሁ፣ የሚመጣውን እነግርሻለሁ›› አልኳት። ስለዚህ በግሩፑ ዝርዝር ላይ ከእናቴ ስም አጠገብ ያለው የእኔ ስልክ ነው።

ሁለት ሳምንት ቆየሁ። የእድር ግሩፕ ገብታችሁ ታውቃላችሁ? ጠዋት ‹‹መልካም ቀን›› የተጻፈበት ጽጌረዳ። ቀጥሎ ሌላ ጽጌረዳ። ይህን ጸሎት ለ12 ሰው ያልላከ የሚል ማስፈራሪያ። የሚሸጥ ቅቤ። ከየት እንደመጣ የማይታወቅ የፖለቲካ ድምፅ። ነጭ ሽንኩርት የማያድነው በሽታ የለም የሚል ቪዲዮ። ስልኬ ስብሰባ ላይ ጭምር ይንጫጫል። አንድ ቀን በንዴት ሚዩት አደረግሁት፤ ለአንድ ሰዓት ሳይሆን ለሁልጊዜ የሚለውን ነካሁ። አልፎ አልፎ ገብቼ አያለሁ ብዬ ለራሴ ቃል ገባሁ። ቃሉ አንድ ወር ያህል ሠራ።

ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ግድቡ የተመረቀ ዕለት፣ እኔ እንዳገሬ ሰው ሁሉ ቀኑን ሙሉ ስልኬ ላይ ነበርኩ። ዐሥራ አራት ዓመት የጠበቅነው ነገር ነው፤ 5,150 ሜጋ ዋት የሚለውን ቁጥር ስንቴ እንደጻፍኩ አላውቅም። በማግስቱ ረቡዕ ደግሞ የአዲስ ዓመት ዋዜማ ነው። ጠዋት አንድ ቻናል ላይ የካዛንቺስን የሌሊት መብራት የሚያሳይ ቪዲዮ ተለጠፈ። የብስክሌት መንገዱ፣ ዘንባባው፣ የሚለዋወጠው መብራት። ያምራል፣ እውነቴን ነው። እኔ ግን ተነካሁና ሥር ላይ ረጅም አስተያየት ጻፍኩ። መብራቱ ያምራል፣ ጎረቤት ግን የለውም አልኩ። የፈረሰው ግንብ አይደለም፣ ለቅሶ ደራሹ ነው አልኩ። ጡሩምባ ነፊውን አነሣሁ። ሽንት ቤቷን አላነሣሁም። እስከ ምሳ ሰዓት ከሦስት መቶ በላይ ሰው ወደደልኝ፣ አንዱ ‹‹አስለቀስከኝ›› አለ። ለሚመልሱልኝ ሁሉ እየመለስኩ ዋልኩ።

እንቁጣጣሽን ገላን ጉራ ነበርኩ። ዶሮው ከተበላ በኋላ እናቴ ‹‹እስቲ ለእታለም ደውልልኝ፣ እንኳን አደረሰሽ ልበላት›› አለች። ይጠራል፣ አይነሣም። ‹‹በዓል አይደል፣ ሰው መጥቶባት ይሆናል›› አለች። ማታ ደገመች፣ አልተነሣም። ዓርብ ማታ ተነሣ። ልጇ ናት።

‹‹እናቴ እኮ ሞተች። ረቡዕ ቀበርናት። አልሰማችሁም እንዴ?››

ስልኩ በድምፅ ማጉያ ነበር። እናቴ ሰምታለች። መጀመሪያ ምንም አልተናገረችም። ነጠላዋን ከትከሻዋ አውርዳ አዘቀዘቀችውና ወደ እኔ ዞር ብላ ‹‹እድሩ ሳይነግረን?›› አለች።

ያኔ ነው ግሩፑን የከፈትኩት። ከጽጌረዳዎቹ መሐል፣ ረቡዕ ከንጋቱ 12 ሰዓት ከሩብ፦ የእድራችን አባል፣ ሥርዓተ ቀብራቸው ዛሬ ከቀኑ 7 ሰዓት በኡራኤል ቤተ ክርስቲያን። ከሥሩ ሠላሳ ምናምን ‹‹ነፍስ ይማር››። እኔ የጎረቤት ያለህ እያልኩ የጻፍኩት አስተያየት ሰዓቱ 3 ሰዓት ከ40 ይላል። ለቀብሩ ሦስት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሲቀር ማለት ነው። ከሥራ ቦታዬ ኡራኤል በታክሲ ሃያ ደቂቃ ነው፤ እናቴንም በራይድ ማስመጣት እችል ነበር።

ለእናቴ እውነቱን ነገርኳት። መዋሸት አስቤ ነበር፤ ኔትወርክ ጠፍቶ ነበር ማለት በዚህ አገር ማንም የማይጠራጠረው ምክንያት ነው። አላልኩም። ሚዩት ምን እንደሆነ ማስረዳት ከበደኝ። ‹‹ድምፁን ዘግቼው ነበር›› አልኳት። ‹‹የጡሩምባውን?›› አለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ታክሲ ቀያይረን አራብሳ ሄድን። ሠልስት አልፏል፣ ድንኳኑ ተነቅሏል። ከሠልስት በኋላ የሚመጣ ለቀስተኛ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ቤተሰቡ አልቅሶ ጨርሶ ሊያርፍ ሲል አንተ ደግሞ እንደ አዲስ ታስለቅሰዋለህ። እናቴ ደረጃው ላይ ጀምራ ነበር። ልጅቷ አቅፋት ‹‹እኛ እኮ እማማ ምን ሆና ነው የቀረችው ብለን ስለ አንቺ ፈራን›› አለቻት። ያቺ ንግግር አልወጣልኝም። እናቴ ከእታለም ቀብር ልትቀር የምትችልበት ምክንያት ለሰው ሲታሰበው አንድ ብቻ ነው፤ እሷም ሞታለች ወይ ተኝታለች።

ጸሐፊውም እዚያ አገኘሁት፣ የተረፈ ወንበር ሊቆጥር መጥቶ። ለምን አልደወልክም ልለው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ተበዳይ መሆን አማረኝ። ቀድሞኝ፣ ያለ ምንም ክፋት፣ ‹‹ኦንላይን ስትሆን አየሁህ እኮ፤ ስለዚህ ሰምተዋል ብዬ አልደወልኩም›› አለኝ። ለሌሎቹ ስማርት ስልክ ለሌላቸው አንድ በአንድ ደውሏል። እናቴ ጋ ያልደወለው እኔ ስላለሁ ነው።

ከዚያ ቅጣቱ መጣ። የእድራችን ደንብ ያለ በቂ ምክንያት ከቀብር የቀረ አባል 100 ብር ይከፍላል ይላል። ልጁ ‹‹ለእርስዎ ቅጣት የለም፣ ግዴለም›› ብሎ ሊያልፈው ነበር። እናቴ የመሐረቧን ቋጠሮ ፈትታ ብሯን አወጣች። እኔ ልክፈል አልኩ። ‹‹አባሏ እኔ ነኝ። ጻፍ›› አለችው። ደረሰኙን አጣጥፋ ያንኑ መሐረብ ውስጥ ቋጠረችው። ስንመለስ ታክሲ ውስጥ አንድም ቃል አልተናገረችኝም። ሾፌሩ ሬዲዮ ከፍቶ ስለ ግድቡ ምረቃ ሰዎች እየደወሉ አስተያየት ይሰጡ ነበር።

ያንን የካዛንቺስ አስተያየቴን ላጠፋው አሰብኩ። አላጠፋሁትም፤ ምክንያቱም ውሸት የለበትም። ሠፈር ሲበተን የሚበተን ነገር አለ፤ አሁንም እንደዚያ አምናለሁ፣ ሰው ሲነሣ አብሮ የኖረ በአንድ አካባቢ ቢሰፍር ይሻል ነበር እላለሁ። ግን ጽሑፉን ስጽፍ ከውጭ ሆኜ የምታዘብ መስሎኝ ነበር። እድሩ እኮ አልሞተም ነበር፤ ጡሩምባውን ስልኬ ውስጥ አስገብቶልኛል። እስከ ኪሴ ድረስ መጥቶ ነፍቷል።

በዚህ ሰሞን እድሩ ይከፈል ወይስ ይቀጥል የሚል ክርክር አለ። ግማሹ ገንዘቡንና ዕቃውን ተካፍለን በየሠፈራችን አዲስ እንመሥርት ይላል። ምክንያታቸው የሚናቅ አይደለም፤ ለአንድ ለቅሶ ሦስት ታክሲ መቀያየር ለአዛውንት ከባድ ነው፣ የድንኳኑ ማመላለሻ ብቻ መዋጮውን እየጨረሰው ነው። እናቴ ገላን ጉራ ብሎኳ ውስጥ ባለው አዲስ እድርም ገብታለች፤ እዚያ ሰው ሲሞት ጥበቃው በየፎቁ በር ያንኳኳል። የድሮውን ግን አልተውም ብላለች፣ ሁለቱንም ትከፍላለች። ስብሰባው የሚቀጥለው ወር ነው፤ እኔ አብሬያት እሄዳለሁ፣ ለመናገር ግን ድምፅ የለኝም፣ አባል አይደለሁም።

ግሩፑን ከፍቼዋለሁ። ጽጌረዳው፣ ጸሎቱ፣ ነጭ ሽንኩርቱ ሁሉ ይገባል። በየቀኑ ጠዋት አንድ ሰዓት ላይ ለእናቴ እደውላለሁ፤ አንዱንም ሳልዘል አንብብልኝ ብላለች። ትናንት እንደ ልማዷ ‹‹ማን ይሆን ዛሬ?›› አለችኝ። ማንም የለም፣ ሁለት መልካም ቀን፣ አንድ ጸሎት፣ አንድ የሚሸጥ የጎጃም ቅቤ አልኳት።

‹‹ኪሎውን ስንት ነው የሚለው?›› አለች።