የመቃብሩን ጉመሮ ተዉት



ረመዳን ሳይገባ የመቃብር ቦታችንን እናጽዳ ብላችሁ የተነሳችሁ ወንድሞችና እህቶች፣ አላህ ጀዛችሁን ይክፈላችሁ። ላስቲኩም ጠርሙሱም ይነሳ፣ የወደቀው አጥርም ይቁም። «ቁጥቋጦውን መንጥረን ሜዳ እናድርገው» የሚለው ላይ ግን አልስማማም።

ጉመሮ እሾሃም ነው፣ ልብስ ይቀድዳል ትላላችሁ። ልክ ነው፣ የእኔንም ጀለቢያ ቀዶታል። ግን ዝናብ ሲያባራ በሜዳችን ላይ በአንድ አቅጣጫ እየተከታተሉ የሚያልፉትን ነጫጭ ቢራቢሮዎች አስታውሱ፤ ክንፋቸው ላይ ቡናማ ደም ሥር ያለባቸውን። ለራሳቸው ከማንኛውም አበባ ይቀስማሉ። ልጆቻቸው ግን እንዲህ አይደሉም። እናቲቱ እንቁላሏን የምትጥለው ጉመሮና የጉመሮ ዘመዶች ላይ ነው፤ ትሉም የሚያድገው የእነዚህን ቅጠል በልቶ ነው። ሲቆረጥ ነጭ ወተት የሚያፈሰው ጦቢያ፣ አንዳንዶቻችሁ ቅምቦ የምትሉት፣ ፍየል እንኳ የሚሸሸው፣ እሱም የብርቱካናማዋ ቢራቢሮ ልጆች ቀለብ ነው። ለእኛ ዳዋ፣ ለእነሱ ማዕድ።

ደረሳ ሆነን በኩራዝ ስንቀራ አል-ቃሪዓህ ሱራ ውስጥ ያለው «ፈራሽ» የሚለው ቃል ትርጉሙ ብዙ ማብራሪያ አላስፈለገውም፤ መብራቱ ላይ እየተወረወረች የምትወድቀው ነፍሳት ነበረች። ያኔ ደካማነቷ ብቻ ነበር የሚታየኝ። በኋላ ስለ አንዷ ተጓዥ ቢራቢሮ አነበብኩ። በአገራችንም ትገኛለች። ከአውሮፓ ተነስታ ሰሃራን አቋርጣ ከበረሃው በስተደቡብ እንደምትራባ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ ጥናት ተገልጿል። ደርሶ መልሱ ከ12,000 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፣ አንዷም ብቻዋን አትጨርሰውም፤ እናት የጀመረችውን ልጅ፣ ልጅ ያቆመችበትን የልጅ ልጅ ትቀጥላለች። እ.ኤ.አ. በ2021 የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ በሰሃራ ጠርዝ በክረምታቸው ወራት ዝናብ ጥሎ ምድሩ ሲለመልም፣ በቀጣዩ ጸደይ አውሮፓ የምትደርሰው ቢራቢሮ እንደምትበዛ አሳየ። አፍሪካ ውስጥ የበቀለ ቅጠል እዚያ ይቆጠራል ማለት ነው። ሱብሐነላህ!

ዝናቡን የምናዘው እኛ አይደለንም፤ ዱዓ እናደርጋለን፣ ሶላተል ኢስቲስቃእ እንሰግዳለን። ቅጠሉ ግን በእጃችን ነው። ከዞብል ተራራ ግርጌ እስከ ከተማው ያለውን ሜዳ እዩት። ማሽላው፣ በጉድጓድ ውኃ የሚለማው ሽንኩርትና ቲማቲም፣ በላዩም ርጭቱ። ገበሬውን አልወቅስም፣ ልጆቹን ያብላበት። ቁጥቋጦ የቀረው ግን በወንዝ ዳር፣ በእርሻ ድንበርና በመቃብር ቦታዎች ነው። በጉዞ ላይ ላለች ነፍሳት ይቺ ጥቂት ቦታ ማረፊያ ናት።

«ነፍሳትን ካስጠጋን አንበጣም ይመጣብናል» ያለ ወንድም አለ። በ2013 ጥቅምት ላይ አንበጣው የደረሰ ማሽላችንን ሲበላ ያየ ሰው ቢፈራ አይፈረድበትም። ነገር ግን አንበጣ እንቁላሉን የሚቀብረው በእርጥብ አሸዋ ውስጥ እንጂ ጉመሮ ላይ አይደለም። የዚያ መንጋ መነሻም ሩቅ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2018 ሁለት አውሎ ነፋሶች በዐረብ ባሕረ ገብ መሬት ታላቁን በረሃ ዝናብ አጠጡት፣ አንበጣው እዚያ ተራብቶ በየመንና በሶማሊያ በኩል መጣ። መቃብራችንን ብንመነጥረው አንድም አይቀንስ።

ከሸሪዓው ወገን ለሚጠይቅ፣ እርጥብ ተክልን ከመቃብር ላይ መቁረጥ መክሩህ እንደሆነ በሐነፊ ኪታቦች ተጽፏል። የሞተና የደረቀ ከሆነ ችግር የለውም። መንገድ የዘጋውን ቅርንጫፍ ለጀናዛ ማለፊያ መከርከምም ሌላ ጉዳይ ነው። ኢማማችንንም አማክሬያለሁ፣ በዚህ ተስማምተናል።

ደግሞም ተመንጥሮ በተራቆተ መሬት ላይ ቀድሞ የሚበቅለው ምን እንደሆነ ቆቦ ያደገ ሁሉ ያውቃል፤ ቅንጬ አረም ነው። እሱን በደንብ ንቀሉልን፣ አበባ ሳያወጣና ዘሩን ሳይበትን። እጅና ቆዳ ስለሚያሳክክ ጓንት አድርጉ። ቅዳሜ ከሱብሒ ሶላት በኋላ እንገናኝ፤ መቆፈሪያና ማዳበሪያ ከረጢት ይዛችሁ ኑ፣ መጥረቢያውን እቤት ተዉት።