ካሜራ ይዘን በክረምት

ክረምት በገባ ቁጥር የዩኒቨርሲቲ ተማሪ በሦስት ይከፈላል። አንዱ ወደ አገሩ ገብቶ ወላጆቹን በእርሻ ያግዛል፤ ሁለተኛው ሥራ ፍለጋ የሰው ደጅ ይጠናል፤ ሦስተኛው አዲስ አበባ ቁጭ ብሎ ዝናብ ይቆጥራል። እኛ ከሦስተኛው ወገን ነን። ዝናብ መቁጠሩ ሲሰለቸን ግን አንድ መላ አገኘን፤ ይኸውም ማለዳ ተነሥተን ማታ ልንመለስባቸው ወደምንችል ትናንሽ ከተሞች እየወጣን ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። አራት ነን። ካሜራው የአንዳችን ሲሆን፣ ታላቅ ወንድሙ ሠርግ ሲያነሣበት ኖሮ የተሻለ ሲገዛ ያወረሰው ነው። ካሜራው የአንዱ ይሁን እንጂ ከዚህ በታች የምንናገረው ጥፋት የአራታችንም ስለ ሆነ «እኛ» እያልን እንጽፋለን። አንባቢም «ቁልፉን የተጫነው ማን ነበር?» ብሎ እንዳይመረምረን እንለምናለን።

ክረምት ለፎቶግራፍ አይሆንም የሚል ሰው ብዙ ነው። እኛም እንደዚያ እናምን ነበር። ነገሩ ግን ተቃራኒው ነው። በበጋ ቀትር ላይ ፀሐይ አናት ላይ ትቆምና የሰውን ዐይን የገዛ ቅንድቡ ያጠላበታል፤ ግማሽ ፊቱ ይነዳል፣ ግማሽ ፊቱ ይጠቁራል። በክረምት ግን ደመናው እንደ ተዘረጋ ነጠላ ሆኖ ብርሃኑን አጥልሎ ያወርደዋል። ፊት ሙሉውን ይታያል። ዝናቡ አባርቶ አየሩ በታጠበ ጊዜም ሩቅ ያለው ተራራ እጅ ቢዘረጉ የሚነካ ይመስላል። አስቸጋሪው ዝናቡ ራሱ ነው፤ ለእሱም ካሜራውን በፌስታል እንጠቀልላለን፣ ራሳችንን ግን እግዚአብሔር ይጠብቀን እንላለን።

መጀመሪያ የሄድነው፣ እንደ ማንኛውም የአዲስ አበባ ሰው፣ ወደ ቢሾፍቱ ነበር። ጊዜው የ2015 ዓ.ም. ክረምት ነው። ከቃሊቲ መናኸሪያ ተሳፍረው ዱከምን ካለፉ ወዲያው ነው፤ ሃምሳ ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም። ጥንት እሳተ ገሞራ በፈነዳበት ጉድጓድ ውስጥ የተኛውን ሐይቅ ከገደሉ አፋፍ ላይ ቆመን አነሣን። ከዚያ ሆራን፣ ከዚያም ባቦጋያን አስከተልን። የአየር ኃይል ሰፈር ያለበት ከተማ ስለ ሆነ ሌንሱን ወዴት እንደምናዞር እየተጠነቀቅን ነበር፤ ለነገሩ ከሐይቁ ሌላ ወዴትም ለማዞር አላሰብንም። ማታ ከአንዳችን ቤት ተሰብስበን ብናየው፣ ከዚያ በፊት በፖስት ካርድ ላይ፣ በቀን መቁጠሪያ ላይና በምግብ ቤት ግድግዳ ላይ ያየነው ሥዕል ነው። ሐይቁ ምን ያድርግ!

ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ማንም ፎቶግራፍ ሊያነሣው ወደማይሄድበት ከተማ እንሂድ ተባባልንና ሞጆ ወረድን። ሞጆን የሚያውቃት ሰው ሁሉ የሚያውቃት በአውቶቡስ መስኮት ነው፤ ወደ ሐዋሳ የሚሄደው ወደ ቀኝ ይታጠፍባታል፣ ወደ አዳማ የሚሄደው ቀጥ ብሎ ያልፋታል። እኛ ግን ወርደን የአሮጌውን ባቡር ሐዲድ ተከትለን ሄድን። ይህ ከጂቡቲ ተነሥቶ በ1909 ዓ.ም. አዲስ አበባ የደረሰው፣ 784 ኪሎ ሜትር የተዘረጋው ሐዲድ ነው። በ2009 ዓ.ም. የተመረቀው የኤሌክትሪክ ባቡር የራሱን ሐዲድና የራሱን ጣቢያዎች ይዞ ስለ መጣ፣ አሮጌው ሣር በቅሎበት ፍየል ይውልበታል። ደስ አለን። ዝገቱን አነሣን፣ ፍየሉን አነሣን። በመጨረሻም ሰማያዊ ቀለሙ የተላጠ አንድ የእንጨት በር አገኘንና እንደ ታቦት ዞርነው።

የበሩ ባለቤት ከውስጥ ወጡ። ሸምገል ያሉ ሰው ናቸው። ምን እንደምናደርግ ጠየቁን።

«በሩ ደስ ብሎን ነው፣ አባባ» አልናቸው።

በሩን እንደ አዲስ አዩት። እኛንም አዩን። «ይህን የበሰበሰ? ገንዘብ ሳገኝ በብረት እለውጠዋለሁ እያልኩ ስምንት ዓመቴ። ከዚያ ማዶ አዲስ ፎቅ ተሠርቶ የለም ወይ? እሱን አታነሡም?» አሉና ገቡ።

በመንገድ ላይ ሳቅንባቸው፤ ሳናፍር እንናገራለን፣ ሳቅንባቸው። «ሽማግሌው ውበት አይገባቸውም» ያለም ነበር። ዘግይተን ስናስበው ግን፣ እኛ «ደስ የሚል ከተማ» የምንለው ባለቤቱ ለመለወጥ ገንዘብ ያጠረውን ነገር ሁሉ ነው። ይህን ያሰብነው ግን ያን ጊዜ አይደለም።

አሁን ወደ አዲስ ዓለም እንመጣለን፤ ለመጻፍ ያነሣሣንም እሷ ናት። አዲስ ዓለም ከአዲስ አበባ በስተ ምዕራብ በአምቦ መንገድ ላይ ናት፤ ከአስኮ ተነሥቶ መናገሻንና ሆለታን አልፎ ሃምሳ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ይኬዳል። የታሪክ ተማሪዎች እንደሚያውቁት ይህች ከተማ ዋና ከተማ ልትሆን ጥቂት ቀርቷት ነበር። በ1890ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ ማገዶና የቤት መሥሪያ እንጨት ባጠራት ጊዜ ዳግማዊ ምኒልክ ወደዚያ ለመዛወር አስበው ቤተ መንግሥት ማሠራት ጀመሩ። ዳሩ ግን ከአውስትራሊያ የመጣው ባሕር ዛፍ ቶሎ ቶሎ አደገና አዲስ አበባን አተረፋት። የተጀመረውም ቤተ መንግሥት የማርያም ቤተ ክርስቲያን ሆነ። እስከ ዛሬም በኮረብታው ላይ አለ፤ ውስጡ በሥዕል የተሞላ ነው። አንዲት ከተማ ስሟን ብቻ ለብሳ መቅረቷ በጣም አሳዘነን፤ ያዘነ ወጣት ደግሞ ፎቶግራፍ ማብዛቱ አይቀርም።

ከኮረብታው ስንወርድ ዝናቡ ያዘን። ዝናብ ብቻ አይደለም፣ በረዶም ነበረበት። ሮጠን ከአንድ ቤት ጣራ ሥር ተጠለልን። በደጃፉ ላይ አንዲት እናት በከሰል ምድጃ የበቆሎ እሸት ይጠብሳሉ። «ግቡ፣ ልጆቼ፣ ግቡ፤ ትበሰብሳላችሁ» አሉና በርጩማ አወጡልን። ከመካከላችን ኦሮምኛ የሚያውቀው በኦሮምኛ ሲያመሰግናቸው ፊታቸው በራና ከዚያ ወዲያ ለእኛ በአማርኛ፣ ለእሱ በኦሮምኛ እየተናገሩ አጫወቱን። ሻሻቸው ጠቁሯል፤ ሹራባቸው ክርኑ ላይ ተቀዷል። ጭሱ ወደ ላይ ይወጣል፣ ከበስተኋላቸው ዝናቡ እንደ መጋረጃ ይወርዳል፣ ፍሙም ከታች አገጫቸውን አቅልቶታል። ካሜራ የያዘ ሰው እንዲህ ያለውን ነገር ሲያይ ምን እንደሚሆን የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማንሣት ፈቃድ ጠየቅናቸው። «እኔን አሮጊቷን ምን ያደርግላችኋል» ብለው ሳቁ፤ በዚያ ሳቅ ላይ አነሣናቸው።

ወዲያውም «ቆዩ እስቲ» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ። እኛ በቆሎውን እያገላበጥን ቆየን። ሲወጡ ሌላ ሰው ናቸው። ጥለት ያለው ነጭ ቀሚስ ለብሰዋል፣ ነጠላ አጣፍተዋል፣ ፀጉራቸውን በንጹሕ ሻሽ አስረዋል። ምድጃውን በእግራቸው ገፋ አደረጉና በርጩማው ላይ ተቀመጡ። ሁለት እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አኖሩ፤ ሳቁም ጠፋ። «በሉ አሁን አንሡኝ» አሉ። አነሣናቸው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ ለይሉኝታ። የቀበሌ መታወቂያ ፎቶግራፍ የመሰለ ነበር።

«ይቺን አደራ፣ አጥባችሁ አምጡልኝ» አሉ።

«እሺ፣ እማማ» አልን፤ አራታችንም፣ ባንድ አፍ። የበቆሎውን ሒሳብ እንኳ አልቀበል አሉን።

በዚያው ቀን ወደ ማታ፣ ከሆለታ ወዲህ ፀሐይ ከደመናው ሥር ብቅ ስትል መንገዱ ሁሉ ወርቅ ሆነ። የካሜራው ካርድ ግን ሞልቶ ነበር። በሚኒባሱ ውስጥ ሆነን የማይጠቅሙትን እያየን ደመሰስን። ከማይጠቅሙት አንዷ እሷ ነበረች።

በቆሎ ጠባሿ ሥዕል ግን ዝና አተረፈች። በኅዳር ወር በክፍላችን ኮሪደር ላይ ጥቂት ፎቶግራፎች ስንሰቅል ሰው ሁሉ እሷ ጋ ይቆማል። አንዱ የፍልስፍና ተማሪ «በዚህች ሴት ፊት ላይ ኢትዮጵያን አየሁ» ብሎ ደረቱን ያዘ። እኛም እንደ ትሑት ሰው ዝቅ ብለን መሬት መሬት አየን። በልባችን ግን የት እንደ ደረስን እኛ ነን የምናውቀው። አደራው ትዝ ያለንም ያን ጊዜ ነው። ይህችን ታላቅ ሥዕል ብንሰጣቸው እንዴት ይደሰታሉ! እንዲህ ነው ያሰብነው። ገንዘብ አዋጥተን 30 በ40 ሳንቲ ሜትር አሳተምናትና መስተዋት ባለው ክፈፍ አስገባናት። ጊዜው ግን ፈተና ነው፣ የቤት ሥራ ነው እየተባለ አልፎ ወደ አዲስ ዓለም የተመለስነው በ2016 ክረምት፣ በሐምሌ ነበር።

እማማ በቦታቸው አገኘናቸው። ከስተዋል። እኛን ለማስታወስ ጥቂት ወሰደባቸው፤ ሲያስታውሱን ግን «መጣችሁ! መጣችሁ አይደል!» ብለው እያንዳንዳችንን ሳሙን። «ጎረቤቶቼ የከተማ ልጅ አነሣኝ ብሎ መጠበቅ ጅልነት ነው ሲሉኝ ከርመዋል» አሉ። ከዚያም እጃቸውን በቀሚሳቸው ጠርገው ክፈፉን ከነመጠቅለያው ተቀበሉ።

መጠቅለያውን ሲፈቱ የሆነውን በትክክል መጻፍ ያስቸግረናል። አልተቆጡም። ብዙ ጊዜ አዩት። በጣታቸው የሹራቡን ቀዳዳ በመስተዋቱ ላይ ነኩት። «ይቺ እኔ ነኝ?» አሉ። ከዚያም «ያቺኛይቱስ?»

ዝም አልን። ኦሮምኛ የሚያውቀው ጓደኛችን በኦሮምኛ አንድ ነገር ጀምሮ አቋረጠው። በመጨረሻ «ጠፋች፣ እማማ» አልናቸው። እውነቱን ስንናገር ይህም ውሸት ነበር፤ አልጠፋችም፣ እኛ ነን ያጠፋናት።

ከጓዳ ግድግዳ ላይ አንድ ትንሽ ክፈፍ አውርደው አሳዩን። የባለቤታቸው ፎቶግራፍ ነው። ሰውዬው ሲሞቱ ሌላ ሥዕል ስላልነበራቸው ከመታወቂያቸው ላይ አንሥተው አሳድገውታል፤ ፊታቸው ግን ጉም የዋጠው ይመስላል፣ ዐይናቸው የት እንዳለ እንኳ አይለይም። «ለቅሶው ላይ ይህን ይዘው ነው ያለቀሱላቸው» አሉ። «እኔ እንኳ ማንን እንደማለቅስ አልለየሁም። እኔም እንዲህ እንዳልሆን ብዬ ነበር።» ከዚያም ወደ ትልቁ ክፈፍ አገጫቸውን ቀሰሩና «ይቺን ይዘው ሊያለቅሱልኝ? በተቀደደ ሹራብ፣ እየሳቅኩ?» አሉ።

ያን ጊዜ የሞጆው ሽማግሌ በር ትዝ አለን።

እንደገና እናንሣዎት ብለን ለመንን። መጀመሪያ «ተዉት፣ ደክሞኛል» አሉ። ኋላ ግን ገብተው ለበሱ። ያው ቀሚስ ነው፤ ትከሻቸው ላይ ሰፍቷቸዋል። በርጩማውን ከምድጃው አራቅን፣ ከበስተኋላቸው የተሰቀለውን ማዳበሪያ አወረድን፣ ነጠላቸውን አንዳችን አስተካከለ። ብርሃኑ የክረምት ብርሃን ነው፣ ከላይ እንደ ጻፍነው፤ ፊታቸው ሙሉውን ታየ። በካሜራው መስኮት አሳየናቸው። «አገጬን ቀና ላድርግ» አሉ፤ ቀና አደረጉ። እንደገና አየነው። አምስት ጊዜ ያህል አነሣን፤ የመረጡት እሳቸው ናቸው።

ወደ አዲስ አበባ ወስደን እናምጣው የሚል ነገር ግን ከአፋችን አልወጣም። ከዋናው መንገድ ላይ አንድ ፎቶ ቤት አለ። ስንደርስ መብራት የለም። ባለ ፎቶ ቤቱ «ሲመጣ ነው የሚመጣው» አለን። ከቀኑ ስድስት ሰዓት እስከ ዐሥር ሰዓት ተኩል በደጃፉ ተቀምጠን ዝናቡ ሲዘንብ፣ ሲያባራ፣ ሲዘንብ አየን። ለአንድም ፎቶግራፍ ካሜራ አላወጣንም። መብራቱ ሲመጣ ማሽኑ የነበረው ወረቀት 10 በ15 ብቻ ነው ተባለ። እሱኑ አሳተምን።

ፎቶግራፉን በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወደ በሩ ብርሃን አስጠግተው አዩት፣ ከዚያ ጎረቤት ጠርተው አሳዩ። ትልቁን ክፈፍ አምጥተው ከኋላው ያሉትን ምስማሮች አንድ በአንድ በቢላ አቀኑና የእኛን ሥዕል አወጡ፤ በቦታው ትንሿን መሐል ለመሐል አኖሯት። ዙሪያዋን ነጭ ካርቶን ተርፎ ይታያል። ከባለቤታቸው ጎን ሰቀሉት።

ዝነኛዋን ሥዕል እንደ ጠቀለሉ ሰጡን። «ይቺን እናንተ ውሰዱ» አሉ። «እሷ የናንተ ናት።» በቆሎም ጨመሩልን።

የመጨረሻው ሚኒባስ ሲሄድ ደረስንበት። ሥዕሏ እስከ ዛሬ ከመካከላችን በአንዱ መኝታ ክፍል ከቁም ሣጥን ጀርባ አለች፤ ኮሪደሩ ላይ ድጋሚ ስቀሏት ያሉንም ነበሩ።