ዳማን ይዤ ወደ እንጅባራ የሄድኩ ጊዜ

ባለፈው ስለ ድንች ዘር አቀማመጥ ጽፌ ብዙ ጥያቄ መጥቷል፤ እመለስበታለሁ። የዛሬው ስለ ፈረስ ነው። ጥር እየቀረበ ስለሆነ «እንጅባራ በፈረስ ስንት ቀን ይወስዳል? መንገድ ላይ የት ይታደራል? ምን እንያዝ?» እያላችሁ የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። የማውቀውን እነግራችኋለሁ። ችግሩ ግን፣ ከማውቀው አብዛኛውን የተማርኩት ኮሌጅ ሳይሆን አንድ ሌሊት ሜዳ ላይ ነው። ስለዚህ ሌሊቱንም አብሬ መተረክ አለብኝ። የሚያሳፍር ነገር አለው። ባልደረቦቼ ብትስቁም አልቀየምም።

ከሩቅ ሆናችሁ ለምታነቡ፦ የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች ማኅበር የተመሠረተው በ1932 ዓ.ም. ነው። በየዓመቱ ጥር 23 ቀን በዓሉን እንጅባራ ላይ ያከብራል። አድዋ ለዘመቱት አባቶችና ለፈረሶቻቸው መታሰቢያ ነው። የአድዋ ድልም የካቲት 23፣ በጊዮርጊስ ቀን ነበር። ሰው ከየወረዳው ፈረሱን ሸልሞ ይመጣል፤ ሩቅ ያለው ቀደም ብሎ ይነሳል፣ መንገድ ላይም ያድራል።

እኔ የተመደብኩበት ቀበሌ ከዳንግላ ወደ ውስጥ የሦስት ሰዓት የእግር መንገድ ነው። ከዳንግላ እንጅባራ ደግሞ በአስፋልቱ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ግድም ይሆናል። ከጎረምሶቹ አንዱ በስልኩ ቪዲዮ አሳይቶን ነበር፤ ፈረንጆች አልጋና ምድጃ ያለው መኪና ይነዳሉ፣ ከኋላው በሚጎተት ጋሪ ውስጥ ፈረሶቻቸው ቆመዋል፣ ጫካ ዳር ሲደርሱ አውርደው ይጋልባሉ። «እኛስ አይሱዙ ብንከራይ?» አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እኔ ግን ከዚያ ቪዲዮ አንድ ነገር አስተውዬ ነበር፤ ሰዎቹ በየሦስት አራት ሰዓቱ እየቆሙ ፈረሶቹን ውኃና ድርቆሽ ያቀርቡላቸዋል። አስተውዬ ምን ፈየድኩ? በራሴ ጊዜ ረሳሁት።

ፈረሱ የእኔ አይደለም። የሰጡኝ ጋሼ የምላቸው አንድ አርሶ አደር ናቸው። ሁለት ፈረስ አላቸው፤ አንዱ አምባላይ፣ አንዱ ዳማ። አምባላዩን ራሳቸው ሊቀመጡ፣ ዳማውን ለእኔ። ሲሰጡኝ ለኮውን በእጄ አስይዘው «ልጄ፣ አደራ» አሉ። ሌላ ቃል አልጨመሩም። እኔ ደግሞ የእንስሳት ሳይንስ ዲፕሎማዬን አስቤ «ጋሼ፣ አያስቡ» አልኩ።

ጥር 21 ጎህ ሳይቀድ ሰባት ሆነን ወጣን። የመጀመሪያው ቀን ጉዞ ስለ ኮርቻ ብዙ ያስተምራል። መጽሐፍ ፈረስ ከክብደቱ አንድ አምስተኛውን ይሸከም ይላል። የእኛ የደጋ ፈረስ 200 ኪሎ ቢመዝን 40 ኪሎ መሆኑ ነው፤ በዚያ ሒሳብ ከመካከላችን ፈረስ ላይ የሚወጣ አይኖርም። ሽማግሌዎቹ ሒሳቡን ሳያውቁት በዘዴ ያካክሱታል። ቁልቁለት ላይ ይወርዳሉ፣ ረጅም ዳገት ላይም ወርደው ይስባሉ፣ ጓዝ ለሌላ እንስሳ ይጭናሉ። ድርቆሹን፣ ገብሱን፣ ላስቲኩንና ድስቱን የተሸከመች አንዲት በቅሎ ነበረችን። ግልቢያ የበዓሉ ቀን ነው፤ መንገድ ላይ እርምጃ፣ አልፎ አልፎ ሶምሶማ። አስፋልቱን ትተው በዳር በአፈሩ ይሄዳሉ፤ ብረት ያልተመታለት ኮቴ በአስፋልት ቶሎ ያልቃል፣ የአይሱዙ ጥሩንባም ያልለመደ ፈረስ ያስደነግጣል።

በየማረፊያው ኮርቻው ወርዶ ጀርባ ይታያል። ይህን ልብ በሉልኝ። ላብ ያረጠበው ጀርባ መሐል አንድ ቦታ ደረቅ ሆኖ ከተገኘ እዚያ ላይ ኮርቻው ተጭኗል ማለት ነው፤ ነገ ያብጣል፣ ከነገ ወዲያ ይቆስላል። በመዳፍ ስትጫኑት ፈረሱ ጀርባውን ዝቅ ካደረገ ወይም ጆሮውን ወደ ኋላ ካስተኛ አሞታል። የዳማ ጀርባ ደህና ነበር። እኔም ጀርባው ደህና ስለሆነ ፈረሱ በሙሉ ደህና መሰለኝ።

ዳንግላ ስንደርስ አንዱ ቤት በፕላስቲክ ሳፋ ውኃ አቀረቡልን። ሌሎቹ ፈረሶች ጠጡ። ዳማ አሸተተና አፉን መለሰ። ሳፋው ልብስ የሚታጠብበት ነበር፣ የሳሙና ሽታ አለው። ፈረስ የማያውቀውን ውኃ እንደሚጸየፍ አውቃለሁ፤ ፈተና ላይ መልሼዋለሁ። ነገር ግን ሰዎቹ እየተነሱ ነበርና «ወንዝ ላይ ይጠጣል» ብዬ ተቀመጥኩበት። ወንዙ ጋ ስንደርስ ደግሞ መሽቷል፣ ገደቡ ዳገት ነው፤ ሁለቴ ጎረስ ጎረስ አደረገና ሌላው ፈረስ ሲገፋው ወጣ። የሥራ ፈረስ በቀን ከ25 እስከ 40 ሊትር ውኃ ይፈልጋል። የዳማ የዚያ ቀን መጠጥ አንድ ጀሪካን አይሞላም።

ያደርነው አዲስ ቅዳም ሳንደርስ፣ የደከረንስ ተክል ዳር ካለ ሜዳ ላይ ነው። የጥር ሌሊት ውርጩን ታውቁታላችሁ። ላስቲክ ወጠርን፣ እሳት አነደድን፣ ፈረሶቹን ለጅብ ሲባል ከእሳቱ አጠገብ አሰርናቸው። አስተሳሰሩንም ሽማግሌዎቹ ያውቁበታል፤ ለኮው ከደረት ከፍ ብሎ ይታሰራል፣ ርዝመቱ አፉ መሬት እስኪደርስ ብቻ። ከዚያ ከረዘመ ሌሊት እግሩ ይገባበታል።

ከዚያ እኔ ገብሱን አወጣሁ። ዳማ ደክሟል፣ ነገ መንገድ አለበት፣ ከነገ ወዲያ ግልቢያ አለ፤ ኃይል ያስፈልገዋል አልኩ። ጋሼ ጋቢያቸውን ተከናንበው «ትንሽ ይረፍ እንጂ። ድርቆሽ ይቅመስ፣ ይጠጣ፤ ገብሱ የት ይሄዳል?» አሉኝ። እኔስ ምን አልኩ? «ጋሼ፣ ይሄ ሳይንስ ነው።» አዎ፣ እንዲህ ብያለሁ። ሁለት ኪሎ ተኩል የሚሆን ገብስ በአንዴ ሰጠሁት። ጠራርጎ በላው። በላዩ ደረቅ የጤፍ ጭድ ጨመርኩለት፤ ድርቆሹን ለበዓሉ ቀን ልቆጥብ ብዬ።

ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ መሬት ሲቧጠጥ ሰማሁ። ዳማ በፊት እግሩ ይጭራል፣ ጭራል፣ ከዚያ አንገቱን አዙሮ ጎኑን ያያል። ተኛ፣ ተነሳ። እንደገና ተኛና ሊንከባለል ሞከረ። ውርጭ ላይ ቆመን አንገቱ በላብ ርሷል። በሽታውን ወዲያው አወቅሁት፤ የሆድ ቁርጠት፣ ኮሌጅ ኮሊክ የምንለው። ማወቄ ምንም አላጽናናኝም።

የፈረስ ጨጓራ ከሰውነቱ አንጻር ትንሽ ናት፤ ደግሞም ፈረስ ማስታወክ አይችልም። የገባው ነገር መውጫው በኋላ ብቻ ነው። ደክሞ፣ ውኃ ጠምቶት፣ በአንዴ እህል ሲሞላ፣ በላዩም ደረቅ ጭድ ሲታከልበት አንጀቱ ውስጥ ይጋገራል፣ ጋዝም ይነፋዋል። አንዱንም ሳላስቀር አድርጌዋለሁ።

ጣቴን ከመንጋጋው ሥር አስገብቼ የደም ሥሩን ቆጠርኩ። በ15 ሰከንድ 16፤ በደቂቃ 64 መሆኑ ነው። ጤነኛ ፈረስ ቆሞ ሳለ ከ28 እስከ 44 ነው። ጆሮዬን ጎኑ ላይ ለጠፍኩ። ሁልጊዜ የሚንጎራጎረው ሆድ ጸጥ ብሏል። እናንተም ይህን ልመዱት፤ ጤነኛ ፈረስ ሆዱ ያወራል። ዝም ያለ ሆድ ነው የሚያስፈራው።

ሁሉም ተነሳ። አንደኛው ሰውዬ ጠርሙስ ይዞ መጣ፤ ዘይትና አረቄ ቀላቅሎ በአፍንጫው ሊያጠጣው። «አባቴም እንዲሁ ነበር የሚያድነው» አለ። እዚህ ላይ ጸብ ልንደርስ ነበር። በአፍንጫ ወይም አንገቱን ቀና አድርጎ በጠርሙስ የሚጋት ነገር ሳንባ ሊገባ ይችላል፤ ሳንባ ከገባ ከቁርጠቱ የዳነው ፈረስ በሳንባ ምች ይሞታል። ይህን ልክ ነበርኩ። ግን ማን ይስማኝ? ከአራት ሰዓት በፊት «ሳይንስ ነው» ብዬ ፈረሱን ለዚህ ያበቃሁት እኔ ነኝ። ሰውዬውም ይህንኑ አለኝ። መልስ አልነበረኝም።

ጋሼ እስካሁን ዝም ብለው ነበር። መጡና ጠርሙሱን ከሰውዬው እጅ ወስደው መሬት ላይ አስቀመጡት። «ፈረሱ የኔ ነው» አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ፤ «ምን እናድርግ?»

እንደዚያ ሌሊት ጥያቄ ከብዶኝ አያውቅም። ለእንስሳት ጤና ቴክኒሻኑ ደወልኩ። በሦስተኛው አነሳ። የነገረኝን ልክ እንደነገረኝ ልጻፍላችሁ፦ ምንም ምግብ ፊቱ እንዳይኖር። በግድ ምንም አታጠጡት፣ ንጹሕ ውኃ ግን ይቅረብለት። እንዳይንከባለል ቀስ አድርጋችሁ አራምዱት፤ ግን ዝም ብሎ ከቆመ ወይም ሳይንከባለል ከተኛ ተዉት፣ አታድክሙት። በየግማሽ ሰዓቱ የልብ ምቱን ቁጠር። ድዱ ከቀላ ወይም ከጠቆረ ደውልልኝ። ጎህ ሲቀድ በሞተር እመጣለሁ።

አራመድነው። አንዴ እኔ፣ አንዴ ጋሼ። ሌሎቹ እሳቱን ይዘው ተቀመጡ። በየግማሽ ሰዓቱ እቆጥራለሁ፤ 64፣ 68፣ 64፣ 60። ጋሼ ቁጥሩን ሲሰሙ «ይሄ ደግ ነው ወይስ ክፉ?» ይላሉ፣ እነግራቸዋለሁ። አንድም የወቀሳ ቃል አልወጣቸውም። ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። አንዴ ብቻ፣ ጅብ ከሩቅ ሲጮህ፣ «ዳማን የወለደችውን ባዝራ አባቴ ነው የሰጠኝ» አሉ። ከዚያ ዝም።

ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ ዳማ ንፋስ አወጣ። ይህን እዚህ ገጽ ላይ መጻፍ ነውር ከሆነ ይቅር በሉኝ፤ እኔ ግን እንደዚያ ያስደሰተኝ ድምፅ የለም። ቴክኒሻኑ ደርሶ የሕመም ማስታገሻ ወጋው፤ ሁለት ሰዓት ላይ ፋንዲያ ጣለ። ጥቂት፣ ደረቅና ጠጠር። ቀጥሎ ከወንዙ በባልዲ ያመጣሁለትን ውኃ እስከ ግማሽ ጠጣ።

ለመቀመጫ አይሆንም ተባለ። ጋሼ የአምባላዩን ለኮ ሰጡኝና «አንተ በዚህ ሂድ፣ በዓሉን አይተህ አታውቅም። እኔ ዳማን ይዤ እመለሳለሁ» አሉ። በየዓመቱ የሚሄዱ ሰው ናቸው፤ የሸለሙት ግላስ በቅሎዋ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። እምቢ አልኩ። ሲለምኑኝ እምቢ፣ ሲቆጡኝ እምቢ። እሳቸው ወደ እንጅባራ፣ እኔ ዳማን እየሳብኩ ወደ ቀበሌ። በእግሬ፣ ሁለት ቀን። ጥር 23 ቀን ፈረሰኞቹ ሜዳውን ሲሞሉ እኔ ሣር ያለበት ጥግ ሁሉ ላይ ቆሜ ፈረስ አስግጣለሁ።

እና ለዘንድሮ ተጓዦች የምለው ይህ ነው። ፈረሱ በለመደው ባልዲ ይጠጣ፤ ባልዲውን ይዛችሁ ሂዱ፣ ከቤት ስትወጡም ያጠጣችሁት በእሱ ይሁን። ማታ ስትደርሱ ኮርቻ አውርዱ፣ እስኪበርድ አረማምዱት፣ እየቆራረጣችሁ አጠጡት፣ ድርቆሽ ስጡት። እህሉ ከሰዓት በኋላ ይደርሳል፤ እሱም በአንዴ ሳይሆን ተከፋፍሎ፣ ቤት ከለመደው ሳይበልጥ። 200 ኪሎ ለሚመዝን ፈረስ በቀን አራት አምስት ኪሎ ድርቆሽ አስቡ። ጨው አትርሱ፤ ላብ ጨው ይዞ ይወጣል።

በዓሉ ላይ ደግሞ ብዙ ፈረስ አንድ ቦታ ስለሚገናኝ ኮርቻና ግላስ አትዋዋሱ። እግሩ ወይም አንገቱ ላይ እንደ ዶቃ የተደረደረ እባጭ ወይም የሚመግል ቁስል ያለበትን ፈረስ ከቤት አታውጡት፤ ያ በሽታ በቁስል፣ በዝንብና በዕቃ ይተላለፋል። የአፍሪካ ፈረስ በሽታ ክትባት ቢሾፍቱ ባለው ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ኢንስቲትዩት ይመረታል። የተከተበ ፈረስ ለሁለት ሳምንት ያህል ከከባድ ሥራ ማረፍ አለበት፤ ስለዚህ ለጥር ጉዞ ክትባቱ በታኅሣሥ እንጂ በዋዜማው አይደለም።

ዳማ ደህና ነው። ባለፈው ሳምንት በአጥር ላይ አንገቱን አውጥቶ አየኝ። ጋሼም «ዘንድሮስ?» አሉኝ። «እርስዎ ከፈቀዱ» አልኩ። ትንሽ አሰቡና «ገብሱን እኔ እይዛለሁ» አሉ።

ማክሰኞ ጠዋት ከቴክኒሻኑ ጋር ግብርና ጣቢያው ግቢ እንገኛለን። ፈረሶቻችሁን ስታመጡ ኮርቻውንም ይዛችሁ ኑ፤ ጀርባቸውን አብረን እናያለን።