ልጅ የሌለው ደን

አንድ ቤት ባለጸጋ ነው የሚባለው በጎተራው እህል፥ በበረቱ ከብት ስላለ ብቻ አይደለም፤ ሽማግሎቹ ሲያልፉ በስፍራቸው የሚቆም ልጅ ሲኖረው ነው እንጂ። ልጅ የሌለው ቤት ዛሬ ቢከበርም ነገ ደጁ ይዘጋል፤ ርስቱም ወደ ባዕድ ያልፋል። ይህ ነገር ስለ ሰው ቤት ሲነገር ሁላችንም እናውቀዋለን። ስለ ደን ሲነገር ግን የሚያስተውለው ጥቂት ነው። እኔም ዛሬ ለመጻፍ የተነሣሁት ስለዚሁ ነገር ነው።

ከደብረ ታቦር ተነሥቶ በጋሳይና በክምር ድንጋይ በኩል ወደ ንፋስ መውጫ የሚሄድ መንገደኛ የጉናን ተራራ በስተ ቀኙ እያየ ያልፋል። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሚያየው የገብስና የድንች እርሻ፥ ከብት የጋጠው መስክ፥ በየደጁም የተተከለ ባሕር ዛፍ ነው። በዚህ ሁሉ መካከል ግን እዚህም እዚያም፥ በብራና ላይ እንደ ነጠበ ቀለም፥ ክብና ጥቁር አረንጓዴ የሆነ ስፍራ ይታየዋል። ጉልላቱን ገና ሳያይ መንገደኛው ባርኔጣውን ያወልቃል፤ ቤተ ክርስቲያን መሆኑን ዛፉ ነግሮታልና። በደቡብ ጎንደር ብቻ እንደዚህ ያለ በደን የተከበበ ቤተ ክርስቲያን ከ1,000 በላይ ይገኛል።

ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ የተባሉት የደን ሊቅ በዚሁ በደቡብ ጎንደር የ28 አብያተ ክርስቲያናትን ደን እየዞሩ መርምረዋል። ከነዚህም ታናሹ ደን ከሁለት ሄክታር ያነሰ፥ ታላቁ 100 ሄክታር የሚያህል ነው። በሁሉ ውስጥ 168 ዓይነት ዛፍ፥ ቁጥቋጦና ሐረግ ቈጠሩ፤ ከ168ቱም 160ው የአገሩ ተወላጅ ነው። ጽድ፥ ወይራ፥ ኮሶ፥ ዝግባና ጥቁር እንጨት፥ ሌላውም አያሌ ዕፅ ከእርሻውና ከመስኩ ጠፍቶ በደብሩ ቅጥር ውስጥ ብቻ ቀርቷል። የእያንዳንዱንም ጥቅም አባቶቻችን ያውቁት ነበር። በወይራ ጭስ የወተት ዕቃ ይታጠናል፤ በኮሶ አበባ የሆድ ትል ይወጣል። የጥቁር እንጨትም ልጥ ዛሬ በአውሮፓ ለሸማግሌዎች የሽንት ሕመም መድኃኒት ይሠራበታል።

የተፈጥሮ ሊቃውንት እንዲህ ያለውን ስፍራ ደሴት ይሉታል፤ ውኃ ሳይሆን እርሻ የከበበው ደሴት ማለታቸው ነው። ስለ ደሴትም የሚያስተምሩት ትምህርት አለ። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዳርዊን በ1859 በፈረንጆች አቆጣጠር ባሳተመው መጽሐፍ እንዳስረዳው፥ ከአንድ ወገን የተወለዱ ፍጥረታት ስንኳ ፍጹም አይመሳሰሉም፤ አንዱ ብርድን፥ አንዱ ድርቅን፥ ሌላው በሽታን ይችላል። ለኖረበት ስፍራ የሚስማማው ብዙ ይወልዳል፤ በዘመን ብዛትም ወገኑ ሁሉ እየተለወጠ ይሄዳል። ለዚህ ከአገራችን ቀይ ቀበሮ የሚሻል ምስክር የለም። አባቶቹ ወደ ኢትዮጵያ የመጡ የሰሜን ተኩላዎች ናቸው፤ እርሱ ግን በደጋው ቀርቶ የአይጥ አዳኝ ሆነ፤ አፉም ሾለ፥ እግሩም ቀጠነ። ኋላ የምድር አየር ሲሞቅ ብርዳም ስፍራ ወደ ተራራ ራስ ሸሸ፤ ቀበሮውም ከዚያው ጋር በስሜን፥ በአቡነ ዮሴፍና በባሌ ተራሮች ላይ ተለያይቶ ቀረ። ዛሬ በዓለም ሁሉ ያለው ጎልማሳ ቀይ ቀበሮ ከ500 እምብዛም አይበልጥም። ጥቂትና የተለየ ወገን እርስ በርሱ ብቻ እየተዋለደ ልዩነቱን ያጣል፤ ልዩነቱንም ያጣ እንደ ሆነ አዲስ በሽታ ወይም አዲስ ድርቅ ሲመጣበት የሚመልሰው መልስ አይኖረውም።

ይህ የልዩነት ጥቅም ሩቅ ነገር እንዳይመስል የጋይንት ገበሬ በየዓመቱ የሚዘራውን ገብስ እንመልከት። በ1951 በፈረንጆች አቆጣጠር በአሜሪካ በካሊፎርኒያ ምድር ክሽክሽ የሚያዛምተው፥ ቅጠሉን አብጫጭቶ ሰብሉን የሚያቀጭጭ የገብስ በሽታ ታወቀ። ሊቃውንቱ በሽታውን የሚችል ዘር ፍለጋ ከዓለም ሁሉ የተሰበሰበውን ገብስ በሺህ በሺህ እየዘሩ ፈተኑ። የተቋቋመውም ከሞላ ጎደል ከኢትዮጵያ የሄደው ገብስ ሆነ፤ በእርሱም የአገራቸውን ሰብል አዳኑ። የእኛ ገበሬ ያንን ዘር ሲጠብቅ የካሊፎርኒያን በሽታ አላወቀም ነበር። ነጩንም ጥቁሩንም፥ ቶሎ የሚደርሰውንም የሚዘገየውንም ለየብቻ ለይቶ ያስቀመጠው፥ ዘመን አንድ ዓይነት እንዳይደለ ስለሚያውቅ ነው። የ1977 ዓ.ም. ድርቅ የደረሰባቸው የጋይንት ሰዎች ይህንን ከማንም መጽሐፍ ይልቅ አጥብቀው ያውቁታል። እንግዲህ በእህል እንዲህ ከሆነ፥ በዛፍም እንዲሁ ነው።

አሁን ወደ ተነሣሁበት ነገር ልመለስ። በጣልያን ወረራ ዘመን፥ በ1938 በፈረንጆች አቆጣጠር፥ ከአውሮፕላን የተነሡ የደቡብ ጎንደር ፎቶግራፎች አሉ። የዛሬ ተመራማሪዎች እነዚያን ከአሁኖቹ ጋር ሲያስተያዩ፥ የአብያተ ክርስቲያናቱ ደን ስፋቱ እምብዛም ሳይጐድል መቆየቱን አገኙ፤ ይህም ለአባቶች ታላቅ ምስጋና ነው። በዙሪያው የነበረው ቁጥቋጦ ግን እርሻ ሆኗል፤ የደኑም ጥቅጥቅነት ሳስቷል። ከሩቅ ለሚያይ ደኑ እንደ ድሮው ነው፤ ወደ ውስጥ ለሚገባ ግን እንደ ድሮው አይደለም።

ባለፈው የጥምቀት ሰሞን ከንፋስ መውጫ ወጣ ብሎ በሚገኝ አንድ ደብር ከአንድ አረጋዊ ቄስ ጋር በዛፍ ጥላ ተቀምጠን ስንጫወት፥ «አባ፥ ከዚህ ሁሉ ዛፍ ታናሹ የትኛው ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። በጥያቄዬ ሳቁ፤ በመቋሚያቸውም አንድ ወይራ አሳዩኝና፥ «ልጄ፥ ያ ነው። እኔ ዲያቆን ሳለሁ በቁመቴ ልክ ነበረ» አሉኝ። ዛፉን አየሁት፤ ግንዱን አንድ ሰው አቅፎ አይጨርሰውም። እርሳቸውም ጥቂት ዝም አሉና፥ «ከዚያ ወዲህ የተወለደስ አላየሁም» አሉ። ከዚያ በኋላ ሁለታችንም ስለ ሌላ ነገር መጫወት አልቻልንም።

ምክንያቱ የተሰወረ አይደለም። ዶክተር ዓለማየሁ ከነዚህ ደኖች አፈር ወስደው በውስጡ የተቀበረውን ዘር ሲያበቅሉ፥ የወጣው አብዛኛው ሣርና ቅጠላ ቅጠል ሆነ። የታላላቆቹ ዛፎች ዘር እንደ አረም ዘር በአፈር ውስጥ ለብዙ ዘመን ተኝቶ አይቆይም። እናት ዛፉ ከወደቀች በኋላ ዘሯን ከመሬት ቆፍሮ የሚያገኘው የለም። የበቀለውንም ቡቃያ ከብት ይግጠዋል፥ ይረግጠዋልም፤ እርሳቸውም ከብት እንዳይገባ ከልለው ሲሞክሩ ቡቃያው በተሻለ ሁኔታ መያዙን አይተዋል። በዚህ ላይ ለመቃብርና ለሐውልት የሚመነጠረው አለ፤ ግቢ እናሳምር በማለት ታናናሹን ቁጥቋጦ ከሥሩ የሚያጸዳም አይታጣም። ይህን የሚያደርገው ሰው ደኑን የሚያከብር እንጂ የሚጠላ አይደለም፤ ነገር ግን ሽማግሎቹን እያከበረ ሕፃናቱን ከቤት ያስወጣል።

መድኃኒቱ ደግሞ እንደ ምክንያቱ የታወቀ ነው። ዶክተር ዓለማየሁ ማርጋሬት ሎማን ከተባሉት አሜሪካዊት የደን ተመራማሪ ጋር ሆነው ካህናቱንና ገበሬውን አማክረው፥ በአንዳንድ ደኖች ዙሪያ የድንጋይ ካብ እንዲሠራ አደረጉ። ድንጋዩ የመጣው ከገበሬው እርሻ ነው። ማረሻ የሚሰብረው ድንጋይ ከማሳው ተለቅሞ ሲወጣ እርሻው ተመቸ፤ ካቡ ሲቆም ቡቃያው ከከብት ዳነ። ይህ ሥራ የማንንም ቋንቋ መማር አያሻውም፤ የጋይንት ሰው ከጥንት ጀምሮ ካብ ሲክብ የኖረ ነውና።

«ባሕር ዛፍ እኮ አለን፤ ምን ጐደለብን?» የሚል ይኖራል። ባሕር ዛፍን አልነቅፍም። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገባ ወዲህ ቤት የሠራንበት፥ እንጀራ የጋገርንበት፥ ገበሬውም ግብሩን የከፈለበት ነው። ነገር ግን ባሕር ዛፍ ብቻውን ደን አይሆንም። በሥሩ ብዙ ዓይነት ቡቃያ አይጠለልም፤ የወይራን ፍሬ በልታ ዘሩን ሩቅ የምትጥል ወፍም ማዕዷን በእርሱ አታገኝም። በደብሩ ደን ያደረች ንብ ግን ማለዳ ወጥታ የባቄላውን አበባ ትጐበኛለች፤ ባቄላውም በእርሷ ምክንያት ያፈራል። የዛፉ ሥር የዝናቡን ውኃ ወደ ምድር ያሰርጋል፤ ምንጩም በበጋ አይነጥፍም። እነዚህ ሁሉ ለገበሬው ዋጋ ሳይጠይቁ የሚሠሩ ሠራተኞች ናቸው፤ ቤታቸው ሲፈርስ ግን ሥራቸውን የሚተካ ሰው አይገኝም።

እንግዲህ ካህናት አባቶች፥ እናንተም የከተማ ወንድሞቼ፥ በምትሳለሙት ደብር ዙሪያ አንድ ጊዜ ዞራችሁ ታላላቆቹን ሳይሆን ታናናሾቹን ቍጠሩ። ከጉልበት በታች የሆነ ጽድ፥ እስከ ወገብ የደረሰ ወይራ፥ ሦስት ቅጠል ያወጣ ኮሶ ካገኛችሁ ደስ ይበላችሁ፤ እሾህ ቈርጣችሁም ዙሪያውን እጠሩ። ያላገኛችሁ እንደ ሆነ ግን፥ ሽማግሎቹ ዛፎች ገና ቆመው ፍሬ ሲሰጡ ሳላችሁ ፍሬውን ልቀሙ፥ ዝሩ፥ ካቡንም ካቡ። ለጽላቱ ልብስ የሚያስለብስ ምእመን ብዙ ነው፤ የደብሩንም ልብስ የሚያድስ አይታጣ። አባቶቻችን ይህንን ደን ያቆዩልን ጥላውን እኛ እንድናገኝ ነበር፤ እኛም ጥላውን ለማናየው ሰው የምንተክል ብንሆን፥ ከእነርሱ የተቀበልነውን አደራ መለስን ማለት ነው።